ቶሎ የሚጠቁረው ዘይት

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ ካፍንጫዬ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው እል ነበር። አልጠፋም ኖሯል። ባለፈው ጥቅምት የወንድሜ የልጅ ልጅ ማስተዋል ወደ ከተማችን ወደ አርብ ገበያ መጥታ፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ የላስቲክ ጠርሙሶቿን ደርድራ ያንዱን ክዳን ስትከፍት ሽታው ከሷ በፊት እኔ ዘንድ ደረሰ። መራራ ነው፤ ትንሽ የተለበለበ ፀጉር፣ ትንሽ ብረት፣ ትንሽ ናፍታ ይሸታል። በዚያው ቅጽበት እግሬ ላይ በረባሶ፣ ወገቤ ላይ መቀመጫው የተጣፈ ካኪ ቁምጣ ያለ መሰለኝ፤ ጆሮዬ ውስጥም ያ የወፍጮ ሞተሬ ዱቅ ዱቅ ዱቅ ማለት ጀመረ። አሁን እኮ ወፍጮው በመብራት ነው የሚሠራው፤ መብራቱ ደግሞ በራሱ ፈቃድ። ሲጠፋ ሰዉ እህሉን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ሲጠብቅ ይውላል። የኔ ሞተር ሲሠራ ግን ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው ድምፁን ሰምቶ ነበር አህያውን የሚጭን።

ማስተዋል ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተማሪ ናት። የመመረቂያ ሥራዋ የሞተር ዘይት ከምን ከምን እንደተሠራ መመርመር ነው። ከንፋስ መውጫ ባጃጆች፣ ከወገዳ የጭነት መኪኖች፣ ከዚህ ከኛ ከተማ ደግሞ በናፍታ ከሚሠሩት ከቀሩት ጥቂት ወፍጮዎች ያገለገለ ዘይት እየለመነች ትሰበስባለች። "ሳምፕል" ትለዋለች። ሰዉ ቆሻሻውን በነፃ የሚወስድለት በማግኘቱ ደስ ብሎት ይቀዳላታል እንጂ ለምን ይሆናል ብሎ የጠየቃት የለም። እኔ ጠየቅኋት።

"ዘይት ዘይት ነው። ምኑ ይጠናል?"

"እንዴት አባባ! ሁሉም ዘይት እኮ አንድ አይደለም" አለችኝ፤ ከዚያ ደጃፌ ላይ ቁጢጥ ብላ እንደ አስተማሪ ጀመረችኝ። ከመሬት የሚወጣው ድፍድፍ ሲጣራ ብዙ ዓይነት ነገር ይወጣዋል አለች። ሁሉም ካርቦንና ሃይድሮጂን የሚባሉ ነገሮች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተቀጣጠሉበት ነው፤ አንዳንዱ ቀጥ ያለ ረጅም ክር፣ አንዳንዱ ቅርንጫፍ ያወጣ፣ አንዳንዱ ዞሮ ራሱ ላይ የተቋጠረ ቀለበት። ክሩ ሲያጥር ቤንዚንና ናፍታ ይሆናል፣ ሲረዝም ወፍሮ የሞተር ዘይት። በዚያ ላይ ፋብሪካው ሌላ ሌላ ነገር ይጨምርበታል፤ እንዳይዝግ፣ እንዳይኩረፈረፍ፣ ብረት ብረትን እንዳይበላ። የሷ ሥራ የተጨመረው ነገር ምን ያህል እንደቀረ ማየት ነው አለች። ከዚያ ከቦርሳዋ ነጭ ክብ ወረቀት አውጥታ ካንዱ ጠርሙስ አንዲት ጠብታ ጣል አደረገችበትና ጥላ ውስጥ አስቀመጠችው። "ይኼ ቀላሉ ነው፣ ላብራቶሪ አያስፈልገውም። እስኪዘረጋ እንጠብቅ።"

ሳቅሁባት። "አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ነው እንዴ ይኼን ሁሉ ዓመት የተማርሽው? ይኼን እኔ ፊደል ሳልጨርስ ሠርቼዋለሁ።"

"እየቀለዱ ነው!"

አልቀለድኩም። ገብቼ ሳጥኔን ከፈትኩ፤ ከጋቢዬ ሥር፣ ከሟች ባለቤቴ ነጠላ ሥር ደብተሬ አለ። ሰማያዊ ሽፋን፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት፤ በስሙኒ ነበር የገዛሁት። ያን ጊዜ ስሙኒ ዋጋ ነበራት፤ በስሙኒ አንድ ቁና እህል ይፈጫል፤ ሁለት ስሙኒ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ጨውም ገዝቶ፣ ጠላም ጠጥቶ፣ ትንሽ ተንገዳግዶ ይመለሳል። ይኼን ደብተር ያስቀመጥኩት ለማስታወሻ አይደለም። ማስረጃዬ ነው። አያ ይማም የሚባል ነጋዴ ሞተሬን እንደገደለው፣ እኔ እንዳልገደልኩት የሚመሰክርልኝ ደብተር ነው። ከአርባ ዓመት የማያንስ ዘመን ይኼንኑ ስናገር ኖሬያለሁ፤ በሠርግ ተናግሬያለሁ፣ በለቅሶ ተናግሬያለሁ፤ ንስሐ አባቴ እንኳ "ተው እንግዲህ አለባቸው" ብለው ተቆጥተውኛል። አፌ መራራ ነው ይሉኛል። ነው።

የወፍጮው ነገር እንዲህ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ያን ሞተር ያስመጣ ጊዜ እኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ ከማረሻ በቀር ብረት ነክቼ አላውቅም። ሞተሩን የተከለው ባለሙያ አንድ ሳምንት አሳይቶኝ ሄደ፤ እንዴት እንደሚነሣ፣ ቺንጋው፣ ያ የላስቲክ ቀበቶ፣ እንዴት እንደሚወጠር፣ ዘይቱን በዘንግ እንዴት እንደምለካ። ከዚያ በኋላ እኔና ሞተሩ ብቻችንን ቀረን። ከወገብ በላይ ዱቄት፣ ከወገብ በታች ዘይት ነበርኩ። ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ቁና አቅፈው ተቀምጠው ይስቁብኛል፤ "አለባቸው፣ የላይኛውን ለሠርግ፣ የታችኛውን ለለቅሶ ነው?" ይሉኛል። አረንጓዴ የላስቲክ ጫማ ያደረገች አንዲት የእስቴ ልጅ ነበረች፤ እህል ባይኖራትም እየመጣች ትቀመጥ ነበር። ኋላ አገባኋት። ከነዚያ ሴቶች እኩሌታዎቹ ከወፍጮው ድምፅ ጋር እየተከተሉ ያንጎራጉሩ ነበር፤ ሞተሩ ሲፈጥን ዘፈኑም ይፈጥናል፣ ናፍታ አልቆ ሲንተፋተፍ እነሱም አብረው ይንተፋተፉና ይስቃሉ። ዛሬ ወፍጮ ቤት ማንም አያንጎራጉርም፤ ሁሉም ስልኩ ላይ ጎንበስ ብሏል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፊደል እንማር ነበር። ጎልማሳው ሁሉ እንደ ሕፃን መሬት ላይ ተኮልኩሎ። እኔ ሥራ ላይም ደብተሩን ይዤ እለማመዳለሁ። አንድ ማክሰኞ የዘይቱን ዘንግ አውጥቼ ስለካ ከጣቴ አንዲት ጠብታ ደብተሬ ላይ ወደቀች። በማግስቱ ሳየው እንደ ማኅተም ክብ ሆኖ ተዘርግቷል። ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በግራው ገጽ "ላሟ ወተት ትሰጣለች" እያልኩ እጽፋለሁ፣ በቀኙ ገጽ ጠብታ እያንጠባጠብኩ ሥሩ "የይማም ዘይት ሁለተኛ ቀን" እያልኩ እጽፋለሁ። የሚነበብ ነገር ሁሉ ያኔ ለኔ አዲስ ነበር፤ ዘይቱንም የማነበው መሰለኝ።

ያነበብኩት ይኼን ነው፦ አያ ይማም የሚሸጥልን ዘይት ሲቀዳ እንደ ማር ነው፤ ሁለት ቀን ከሠራ ከሰል ይሆናል። ጠብታው ደብተሩ ላይ ሰፊ ሆኖ እስከ ጠርዙ ድረስ ይጠቁራል። አንድ ጊዜ ደግሞ ማኅበሩ ከሌላ ቦታ በርካሽ ያስመጣው በርሜል ነበረ፤ ያ ዘይት ዐሥር ቀን ሠርቶም ዘንጉ ላይ ይጠራል። ጠብታው መሐሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትቀመጣለች እንጂ ዙሪያው ቢጫና ንጹሕ ነው። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ጠላ ጥሩው የጠራው ነው፣ ቅቤ የነጠረው፣ ውሃ ድንጋዩ የሚታይበት። የጠቆረ የተበላሸ ነው። ከዚህ ሌላ ምን ላስብ?

አያ ይማም ሱቅ ሄድኩ። ሱቁ ከዋርካው ፊት ለፊት ነበር፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሰማያዊ መዝጊያ፣ ደጁ ላይ የልብስ ስፌት መኪና። እሱ ረዥም፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ነጭ ኮፍያው ላይ እድፍ አይታይም።

"አያ ይማም፣ ዘይትህ በሁለት ቀን ከሰል ይሆናል" አልኩት።

"ታዲያ ይሁን እንጂ! ባይጠቁር ነበር የምትሰጋው።"

"እንዴት?"

"ልብስህን ስታጥብ ውሃው ሲጠቁር ሳሙናውን ትከሳለህ?" አለኝና ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ያንን ዱቄቴን፣ ያንን ዘይቴን። "ኧረ አንተማ በምን ታውቀዋለህ፣ ከታጠብክ ስንት ጊዜህ!"

ገበያተኛው ሳቀ። ልብስ ሰፊው ሳቀ። ያቺ አረንጓዴ ጫማ ያደረገችውም እዚያ ነበረች፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

በሕይወቴ መጀመሪያ የጻፍኩት ወረቀት አቤቱታ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ጻፍኩት፣ ፊደሉ ወዲያና ወዲህ እያዘመመ። "ይማም የተባለው ነጋዴ ለሕዝብ ወፍጮ የተቃጠለ ዘይት እየቀላቀለ ይሸጣል" ይላል። ሲቀላቅል አይቼው አላውቅም። ቃሉ ጥሩ መስሎ ታየኝና ጻፍኩት። አርብ ቀን፣ ገበያው በሞላበት፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዋርካው ሥር አቁሞ "አንብበው" አለኝ። አነበብኩት። ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ የፊደል ቆጣሪ ንባብ ታውቁታላችሁ፣ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ስጨርስ ሰዉ አጨበጨበ። እናቴ እልል አለች። ስለ ይማም እልል እንዳላለች አሁን አውቃለሁ፤ ልጇ ወረቀት ይዞ ስላነበበ ነው እልል ያለችው፤ ያጨበጨቡትም የዘይቱን ነገር ልብ ብለው የሰሙት አይመስለኝም። ገበሬ ነው ያነበበው፣ ተአምር ነው። ያም ሆኖ ሱቁ የዚያኑ ቀን ታሸገ። አያ ይማም ታስሮ ወደ ንፋስ መውጫ ተወሰደ። ዋርካው ጥግ አንዲት ቀይ ሻርፕ የለበሰች፣ ምናልባት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ የሱ ልጅ ዘምዘም፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር።

ክረምቱ አልፎ ሲመለስ ግማሽ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ሱቁ የማኅበሩ መጋዘን ሆኗል። መሬት ላይ ኬሻ አንጥፎ ጨው በጣሳ መሸጥ ጀመረ። በፊቱ ሳልፍ አይናገረኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ "ሞተርህ ደኅና ነው?" አለኝ። ፊቴን አዙሬ አለፍኩት። ሞተሩማ ያን የጠራ ዘይት እየጠጣ በኅዳር እህል ሊደርስ ሲል ተጣብቆ ቆመ። ባለሙያው መጥቶ ሆዱን ሲከፍተው ውስጡ እንደ ጋን ታች ነበር፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ በማንኪያ የሚወጣ አተላ። "ማነው ዘይት የሚቀይረው?" ብሎ ጠየቀ። ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። "የይማም መርዝ ነው፣ ከዱሮው የቀረ" አልኩ። አመኑኝ፤ እኔም ራሴን አመንኩት። ሴቶቹ ተመልሰው ድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበረከኩ፣ እኔም ወደ ማረሻዬ ተመለስኩ። አያ ይማም ሌላ ሱቅ ሳይከፍት ሞተ።

እንግዲህ ይኼን ደብተር ነው ለማስተዋል የሰጠኋት። እያገላበጠች "አባባ፣ ይኼማ ቅርስ ነው!" ትላለች። ከዚያ የራሷን ክብ ወረቀት አነሣችና ከኔ ጠብታዎች ጎን አስቀመጠችው። ጣቷን ሰፊው ጥቁር ላይ አሳረፈች።

"ይኼ የማን ነው?"

"የይማም። እዪው፣ እንዴት እንደጠቆረ።"

"ይኼኛውስ? መሐሉ ነጥብ ያለው?"

"እሱ ንጹሑ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። ልጅ ናት፣ ምን እንደያዘች አታውቅም። "አባባ፣ ተገላብጦብዎታል" አለችኝ። "ጥሩው ዘይት ውስጡ ጥቀርሻውን የሚይዝ ነገር አለበት። ከብረቱ ላይ ያነሣዋል፣ ተሸክሞት ይዞራል፣ ለዚያ ነው ቶሎ የሚጠቁረው። ወረቀት ላይ ሲያንጠባጥቡት ጥቀርሻውን ይዞት እስከ ዳር ይሄዳል። ይኼኛው ግን መሸከም አይችልም። ጥቀርሻውን መሐል ላይ ጥሎት ራሱ ብቻውን ሄደ፤ ያዩዋት ነጥብ እሷ ናት። ጠላ ሲጠራ አተላው የት ይሄዳል?"

"ወደ ታች።"

"በቃ። ሞተሩ ውስጥም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ዘይት እኮ…" ቃል ፈለገች። "እንደ ሳሙና በሉት።"

ደብተሩን ቀስ ብዬ ተቀበልኳት። ይኼን ነገር ከሷ ሳይሆን ከሌላ ሰው ሰምቼው አውቃለሁ፤ ሰማያዊ መዝጊያ ካለው ሱቅ ደጃፍ ላይ። ስለ ሞተሩ በተረክሁት በነዚያ ሁሉ ዓመታት ይቺን አንዲት ንግግር አንድም ቀን ተናግሬያት አላውቅም። የሳሙናዋን ንግግር። ሁልጊዜ ዘልዬ ነበር የማልፋት።

"ደኅና ነዎት?" አለችኝ።

"ደኅና ነኝ። ጠርሙስሽን ክደኚ፣ ይሸታል።"

ዘምዘም አሁን እዚሁ አርብ ገበያ ሱቅ አላት፤ ራሷ ለፍታ ያቆመችው። ስኳር፣ ሻማ፣ የባጃጅ ዘይት በሊትር ትሸጣለች። እኔ ግን ከሷ ሱቅ ክር ገዝቼ አላውቅም፤ ጨው እንኳ ሲያልቅብኝ ዞሬ ነው የምሄደው። ረቡዕ ጠዋት ገብቼ ደብተሩን ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ፊቷ ካባቷ ጋር አንድ ነው፤ ቀልዱ ብቻ የለበትም።

"ምን ልስጥዎ?"

"ልገዛ አይደለም የመጣሁት።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለች። ደብተሩን አየችው፣ አልነካችውም። "ያኔ ብብትዎ ሥር የነበረችው ሰማያዊ ደብተር አልተቃጠለችም?"

ነገርኳት። ጠብታዎቹን አሳየኋት፤ ማስተዋል ያለችውን እንደገባኝ መጠን ነገርኳት፤ አባትሽ ልክ ነበር አልኳት። እስክጨርስ ለአንዲት ሴት ግማሽ ኪሎ ስኳር መዘነች፤ ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠበቀች።

"አባቴ ልክ እንደነበረ ከርስዎ ነው የምሰማው?"

"አይደለም። ግን…"

"ያኔ ክሱን ሲያነቡት እንዲህ ሱቅ ውስጥ፣ በሹክሹክታ ነበር?"

ደብተሩን ዘጋሁት።

"አርብ ነበር" አለች። "ዋርካው ሥር። እናቴ ያን ቀን የያዘችኝ እዚህ ላይ ነው" ብላ ክንዷን አሳየችኝ። "እስካሁን የሚያመኝ ይመስለኛል።"

"ዘምዘም፣ ያን ጊዜ የነበረው ሰው እኮ ግማሹ መቃብር ውስጥ ነው።"

"ግማሹስ?"

ቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት ረጅም ነበር፤ ዘመኑ እንደዚያ እንደነበረ፣ ሊቀመንበሩ እንዳጣደፈኝ፣ ኬሚስትሪ ያስተማረኝ እንዳልነበረ። እውነት ነው ሁሉም። መልሼ ሳነበው እንደዚያ የጠራ ዘይት ሆነብኝ፤ ቆሻሻውን መሐል ላይ ጥሎ የሚሄድ። ቀደድኩት። ሁለተኛው አጭር ሆነ። አያ ይማም የሸጠልኝ ዘይት ጥሩ ዘይት ነበር። ሲቀላቅል አላየሁም፣ ከራሴ ነው የጻፍኩት። ለምን እንደሚጠቁር ነግሮኝ ነበር። የከሰስኩት ስለ ዘይቱ አይደለም፣ ሰው ፊት ስለሳቀብኝ ነው። ሞተሩን የገደልኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻውን መስመር ስጽፍ ፊደሉ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ወዲያና ወዲህ አዘመመብኝ።

አርብ ሄድኩ። ዋርካው ከተቆረጠ ቆይቷል፤ ቦታው ላይ አሁን ባጃጆች ይቆማሉ። እዚያ ቆምኩ። አህዮች በግራ፣ የሽንኩርት ክምር በቀኝ። ወረቀቱን ስዘረጋ አንዱ ባለ ባጃጅ "አባት፣ የጠፋ ከብት ነው?" አለኝ፤ ሌላው ለቤተ ክርስቲያን የምለምን መስሎት ዐሥር ብር ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። መለስኩለት። መነጽሬን አደረግሁ፣ ጀመርኩ። ለራሴ ያህል ቀስ ብዬ ነበር የማነበው። አንዲት አሮጊት ብቻ፣ የዱሮ ሰው፣ ዘንቢሏን አስቀምጣ ቆመች፤ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁ ያንጎራጉሩ ከነበሩት አንዷ ሳትሆን አትቀርም። ሌላው ሰው ያልፋል፣ ይጋፋኛል። ጥቂት መስመር አንብቤ ቀና ስል ዘምዘም ከሽንኩርቱ ክምር ወዲያ ቆማለች። እጇ አፏ ላይ አልነበረም፤ ደረቷ ላይ አጣምራዋለች።

"አይሰማም" አለች።

"የሚሰማ ሰው የለም እኮ።"

"ስለ ሰው አይደለም። ከፍ አድርገው ያንብቡ፤ ያኔ ከፍ ብሎ ነበር።"

ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አቀረብኩና ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ።